ለአሠሪ የሚላክ የሥራ መርሐ ግብር፦ ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር

ድሬዳዋ ላይ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሥራው የት እንደደረሰ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ነው፤ «ስኬጁሉን ላኩልኝ» ይላል። የሳይት መሐንዲሱም ላፕቶፑ ላይ የተከፈተውን ፋይል እንዳለ ይልከዋል። ያ ፋይል ግን ለአሠሪ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ፎርማኑን፣ ግዥውን፣ ሒሳብ ክፍሉንና ንዑስ ተቋራጮቹን አንድ ላይ ለማንቀሳቀስ የተዘጋጀ ነው። ውስጡ የፌሮ አሳሪው የኪሎ ዋጋ አለ፤ የሠራተኞች ስልክ ቁጥር አለ፤ ቡድኑ በቀጣዩ ሳምንት የማንን ሥራ ሊሠራ እንደሚሄድም ተጽፏል። ከተማዋ ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ናት። ከዚራ ሱቅ የሚያሠራውና ሳቢያን ቤት የሚያሠራው አንድ የአሉሚኒየም ሠራተኛ ሊቀጥሩ ይችላሉ። ዛሬ ለአንዱ በስህተት የተላከ ዋጋ ነገ ሌላው ጋ መደራደሪያ ይሆናል።

መፍትሔው ፋይሉን መሸፈን አይደለም። ዓምድ መደበቅ፣ ረድፍ ማጠፍ፣ ጥቁር ቀለም መቀባት መረጃውን ከዓይን ያርቀዋል እንጂ ከፋይሉ አያወጣውም። የአሠሪው መርሐ ግብር በሌላ ፋይል፣ ከባዶ ተነስቶ፣ አሠሪው ማወቅ ያለበት እየተጻፈበት ይሠራል። ከውስጡ ፋይል ላይ እየቀነሱ መሥራት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስረሳል። ከባዶ ሲጀመር ግን የሚረሳው ነገር ቢበዛ አንድ የሥራ መስመር ነው፤ እሱንም አሠሪው ራሱ ይጠይቃል።

ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ውሉን ክፈቱ

ምስጢር የሚባለውን የሚወስነው በመጀመሪያ ውሉ ነው። ሥራው በፊዲክ (የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የ1999 ቀይ መጽሐፍ በሚባለው መደበኛ የግንባታ ውል የሚመራ ከሆነ፣ አንቀጽ 8.3 ተቋራጩ የሥራ ማስጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር መርሐ ግብር ሥራውን ለአሠሪው ለሚቆጣጠረው መሐንዲስ እንዲያቀርብ ያዛል። ከዚያም ጋር የሥራውን ቅደም ተከተል፣ ዋና ዋና የአሠራር ዘዴዎችን፣ በየደረጃው የሚሠማራውን የሰው ኃይልና የማሽን ብዛት ይጠይቃል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ውል «የሠራተኛ ብዛት የውስጥ ጉዳያችን ነው» ማለት አያስኬድም። ብዛቱ ይሰጣል፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ ስልክና የቀን ክፍያ ግን አልተጠየቀም። ውሉ በወጪና በአገልግሎት ክፍያ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አሠሪው የወጪ ሰነድ የማየት መብት አለው። ያኔ ወጪውን ከመርሐ ግብሩ ጋር ሳትቀላቅሉ በክፍያ ጥያቄው በኩል አቅርቡት።

ለግል አሠሪ በቁርጥ ዋጋ በሚሠራ ጂ+4 ላይ አከፋፈሉ ይበልጥ ግልጽ ነው። አሠሪው የእያንዳንዱን ምዕራፍ መጀመሪያና መጨረሻ፣ እሱ የሚወስንባቸውን ቀናት፣ የፍተሻና የርክክብ ቀኖችን፣ ክፍያ የሚጠየቅበትን ጊዜ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት። የነጠላ ዋጋ፣ የንዑስ ተቋራጭ ስምና ውል፣ የትርፍ ስሌት፣ የአቅራቢ ስም፣ የሌሎች አሠሪዎች ሥራ፣ የሠራተኞች የግል መረጃ ግን ከቢሮ አይወጣም። ስልክና መታወቂያ ቁጥርን በተመለከተ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አትርሱ። የፎርማኑን የግል ስልክ በሰንጠረዥ አስገብቶ ለማንም መላክ ድሮም ነውር ነበር፤ አሁን የሕግ ጥያቄም ያስነሳል።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላ ዓይነት ምስጢር የዕቃ መግቢያ ቀን ነው። «ማክሰኞ 12 ቶን ፌሮ ይራገፋል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ምድር ቤት ይቀመጣል» የሚል መስመር ሃያ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከወጣ፣ ጥበቃው ከማወቁ በፊት ሌላ ሰው ያውቀዋል። ለአሠሪው ሳምንቱን ብቻ ጻፉለት፤ ቀኑን በስልክ ይስማ። የዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ደግሞ በምንም ዓይነት መርሐ ግብር ላይ መጻፍ የለበትም።

በምስጢር ስም ፈጽሞ የማይደበቅም አለ። የጎረቤት ግንብ በቁፋሮው ምክንያት ከተሰነጠቀ፣ የአርማታ ናሙና ውጤት ከሚፈለገው በታች ከሆነ፣ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ያለ መሠረት በክረምት ክፍት ሆኖ የሚቆይ ከሆነ፣ አሠሪው ሊያውቅ ይገባል። ደቻቱ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ ሞልቶ ያደረሰውን ይህች ከተማ አትረሳም። «የጎርፍ ስጋት» የሚል ማስታወሻ የውስጥ ፋይል ላይ ብቻ ተቀምጦ ለአሠሪው የሚሄደው ላይ ከጠፋ፣ ያ ምስጢር መጠበቅ ሳይሆን ማታለል ነው። የመዘግየትም ነገር እንዲሁ ነው።

የመጠባበቂያ ቀን

ትልቁ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የውስጥ ፋይላችሁ ፊኒሺንግ የካቲት 10 ያልቃል ይላል እንበል። ለአሠሪው የገባችሁት ቀን የካቲት 25 ነው። መካከል ያለው 15 ቀን ሲሚንቶ ሲጠፋ፣ ዕቃ ጅቡቲ ላይ ሲቆይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ የምትተነፍሱበት ነው። «መጠባበቂያ፣ 15 ቀን» የሚለውን መስመር አሠሪው ካየ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የእሱ ውሳኔ እንዲዘገይ ምክንያት ያገኛል፦ «ጊዜ አላችሁ እኮ» ይላል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ወደ ንዑስ ተቋራጮቹ ከደረሰ እያንዳንዳቸው 15ቱን ቀን የራሳቸው አድርገው ይቆጥሩታል። አንድ መጠባበቂያ አራት ጊዜ ይበላል ማለት ነው።

ለአሠሪው የሚሄደው ቃል የገባችሁበት ቀን ይሁን፤ የካቲት 25። የካቲት 10ን «ከተቻለ» ብላችሁ እንኳን አትጻፉት፤ «ከተቻለ» የሚለው ተረስቶ ቀኑ ብቻ ነው የሚታወሰው። የሚፈለገው አንድ ጥንቃቄ ነው፦ የተጻፈው ቀን እናንተም የምታምኑበት ቀን መሆን አለበት። ውሉ ራሱ ትርፍ ጊዜው በመርሐ ግብሩ ላይ እንዲታይ ካስገደደ ግን ይታይ፤ ማን ሊጠቀምበት እንደሚችልም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።

አንድ መስመር በቅርብ ሲታይ

የውስጥ ፋይል ላይ ስለ ሶሌታ፣ ማለትም ስለ ወለሉ አርማታ፣ ይህን የመሰለ መስመር ይገኛል፦

«47 – 3ኛ ወለል ሶሌታ፣ ፎርምወርክ፣ ፌሮና አርማታ – 12 ቀን – የፌሮ ቡድን 2፣ በኪሎ ዋጋ – መጠባበቂያ 3 ቀን – ማስታወሻ፦ አሠሪው ክፍያ ካዘገየ ቡድኑን ወደ ከዚራው ሥራ አዙር።»

ለፎርማኑ ጥሩ መስመር ነው። አሠሪው ጋ ከደረሰ ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን የሁለት ዓመት መተማመንን ታፈርሳለች። ለእሱ የሚጻፈው ይህ ነው፦

«3ኛ ወለል ሶሌታ – ከጥቅምት 11 እስከ ጥቅምት 25, 2018 (ከኦክቶበር 21 እስከ ኖቬምበር 4, 2025) – ከእርስዎ የሚጠበቅ፦ የመብራትና የሶኬት ቦታዎችን እስከ ጥቅምት 6 ማጽደቅ – ሁኔታ፦ በጊዜው ላይ።»

አሥራ ሁለቱ ቀን ከሦስቱ ጋር ተደምሮ አሥራ አምስት ሆኗል፤ መስመሩ ላይ የሚታየው የገባችሁት ቃል ብቻ ነው። ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የተጻፉትም በምክንያት ነው። አሠሪው ውጭ አገር ከሆነ፣ ወይም ዕቃውን የሚልከው ድርጅት የውጭ ከሆነ፣ «10/11» የሚል አጻጻፍ ለአንዱ ሐምሌ፣ ለሌላው ኖቬምበር ይሆንበታል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። ጳጉሜን በ2015 እንደሆነው ስድስት ቀን ስትሆን አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል፤ የቆየ የቀን ማዛመጃ ቀመር እዚያ ላይ ይሳሳታል። ሰዓት ከጻፋችሁ ደግሞ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ።

«ከእርስዎ የሚጠበቅ» የሚለው ዓምድ የሰነዱ ልብ ነው። አሠሪ ዝርዝር የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ድርሻ ስላልተነገረው ነው። የሴራሚክ ምርጫ፣ የበር ዓይነት፣ የክፍያ ቀን በግልጽ ከተጻፈለት፣ የንዑስ ተቋራጭ ስም ለማወቅ ያለው ጉጉት ይቀንሳል።

መስመሮቹ ከ12 እስከ 20 ይሁኑ፤ በአንድ ኤ4 ወረቀት በአግድም የሚገባ። የሌላ ሥራ ስም የግድ መነሳት ካለበት «ፕሮጀክት ሀ» እንኳን አትበሉ፤ «የአሉሚኒየም ቡድኑ ከጥቅምት 18 ጀምሮ ይገባል» ይበቃል። ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ አራት ደረጃ ብቻ ተጠቀሙ፦ ታዝዟል፣ ጅቡቲ ደርሷል፣ ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ገብቷል፣ ሳይት ላይ ነው። የሊፍቱን መድረስ ለማሳመን የጭነት ሰነድ ፎቶ መላክ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰነዱ ላይ የላኪው ስም አለ። አሠሪው በሚቀጥለው ሕንፃው በቀጥታ ይደውልለታል። የሣጥኑን ፎቶ፣ መለያ ወረቀቱ ሳይታይ፣ ላኩለት።

ፋይሉን መሥራት

በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ አዲስ ባዶ ፋይል ክፈቱ። የምትፈልጉትን ኮፒ አድርጋችሁ በፔስት ስፔሻል፣ ቫልዩስ የሚለውን መርጣችሁ ለጥፉ። ሺቱን ሙሉ በሙሉ ወደ አዲስ ፋይል ማዛወር አይሆንም፤ ከነቀመሩ፣ ወደ ዋናው ፋይል ከሚጠቁመው አገናኝ ጋር ነው የሚሄደው። አገናኙ ላይ የፎልደሩ ስም ይነበባል፤ ፎልደሩ «የትርፍ ስሌት» ከተባለ አስቡት። የተደበቀ ዓምድ በሁለት ክሊክ ይወጣል። ሺት ላይ የሚደረግ ይለፍ ቃልም ሰው እንዳይነካካው እንጂ እንዳያነበው የተሠራ ቁልፍ አይደለም። ፒቮት ሠንጠረዥ (ብዙ መረጃን ደምሮ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ካለበት ጥንቃቄው ይጨምራል፦ ምንጩ ሺት ቢጠፋም ፒቮቱ የመረጃውን ቅጂ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ አንዱ ድምር ላይ ደብል ክሊክ ሲደረግ ዝርዝሩ በአዲስ ሺት ይዘረገፋል። ከኤክሴል ወደ ፓወርፖይንት የተለጠፈ ቻርትም ሙሉውን የኤክሴል ፋይል በሆዱ ሊይዝ ይችላል፤ በስዕል መልክ ለጥፉት።

በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ከሆነ ኤምፒፒ ፋይሉን አትላኩ፤ ፒዲኤፍ አውጡ። ሦስት ነገር ግን ያመልጣል። ሥራዎቹን በጊዜ አሞሌ በሚያሳየው ጋንት ቻርት ላይ ከእያንዳንዱ አሞሌ በስተቀኝ ፕሮግራሙ በራሱ የሪሶርስ፣ ማለትም ለሥራው የተመደበውን ሰው ወይም ዕቃ፣ ስም ይጽፋል፤ ባር ስታይልስ ውስጥ፣ ቴክስት በሚለው ገጽ፣ ራይት የሚለው ላይ ያለውን አጥፉ። ፔጅ ሴትአፕ ውስጥ ቪው በሚለው ገጽ «ፕሪንት ኖትስ» ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ማስታወሻዎቹ በሙሉ በመጨረሻው ገጽ ይታተማሉ። ከታች በሌጀንዱ ላይ የሚወጣው የፕሮጀክት ስምም የውስጥ ስያሜ ሊሆን ይችላል። የሚወጡትን መስመሮች ለመምረጥ ፍላግ 1 የሚባለውን መስክ «ለአሠሪ» ብላችሁ ሰይሙትና በየመስመሩ የስ ወይም ኖ በሉ፤ በዚያ አጣርታችሁ አትሙ።

አማካሪው «የሚከፈት ፋይል ካልሰጣችሁኝ» ካለ፣ ሴቭ አዝ አድርጋችሁ ቅጂው ላይ ሥሩ። ከሪሶርስ ሺት ሁሉንም ሪሶርስ አጥፉ። ይህ ብቻውን አይበቃም፦ ፊክስድ ኮስት የሚባለው ወጪ በሥራው መስመር ላይ ስለሚቀመጥ ሪሶርሱ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ቤዝላይን የሚባለው የተቀመጠ የዕቅድ ቅጂም ወጪን ይዞ ይቆያል፤ ፕሮግራሙ 11 ቤዝላይን የማስቀመጥ ቦታ ስላለው አንዱን ብቻ አጽድታችሁ አትቁሙ። ከጨረሳችሁ በኋላ የማጠናቀቂያውን ቀን ከዋናው ፋይል ጋር አስተያዩ። ሪሶርሱ የራሱ ካሌንደር ከነበረው፣ ለምሳሌ በረመዳን አጭር ሰዓት የሚሠራ ቡድን ከሆነ፣ ሪሶርሱ ሲጠፋ ሥራው በፕሮጀክቱ ካሌንደር ተሰልቶ ቀኑ ይዘላል። ያኔ የቀን ሰዓቱን የሚያሳጥር የሥራ ካሌንደር በመስመሩ ላይ አኑሩ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ካሌንደር ገልብጦ መጠቀም አይሠራም።

በፕሪማቬራ፣ በሌላው የመርሐ ግብር ፕሮግራም፣ ለምትሠሩ አንድ ነገር ብቻ፦ የሚያወጣው ኤክስኢአር ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኖትፓድ ይከፍተዋል። ከቅጂው ላይ ሪሶርስና ወጪ አጥፍታችሁ ካወጣችሁት በኋላ ራሳችሁ በኖትፓድ ከፍታችሁ የንዑስ ተቋራጮቹን ስም ፈልጉበት።

ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መሳል ጽሑፉን አያጠፋም። ከርሰሩን በሣጥኑ ላይ አሳልፎ ኮፒ ያደረገ ሰው ከሥር ያለውን ያገኛል። ለዚህ ነው ማጥፋቱ ከምንጩ ፋይል መጀመር ያለበት።

ከመላኩ በፊት ሌላ ሰው፣ ፋይሉን ያልሠራው፣ አምስት ደቂቃ ይፈትሸው። ፒዲኤፉን ከፍቶ ሁሉንም ይምረጥ፣ ኮፒ ያድርግ፣ ኖትፓድ ላይ ይለጥፍ፤ ከዚያ «ብር» የሚለውን ቃል፣ የንዑስ ተቋራጮችን ስም፣ የሌሎች አሠሪዎችን ስም፣ «09» የሚጀምር ቁጥር ይፈልግ። ለኤክሴልና ለወርድ ፋይል ደግሞ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ቼክ ፎር ኢሹስ፣ ኢንስፔክት ዶክዩመንት የሚለውን ያስኪድ፤ የተደበቁ ረድፎችን፣ ኮሜንቶችንና የአዘጋጁን ስም ያወጣል። በስልክ ከፍቶ ማየትም ይገባዋል፤ አሠሪው የሚያየው እዚያ ነው።

አላላክ

የፋይሉ ስም ራሱ ይናገር፦ «የሳቢያን ጂ+4 – ለአሠሪ – ክለሳ 07 – ጥቅምት 13, 2018»። ገጹ ላይ ደግሞ መረጃው እስከ የትኛው ቀን እንደተያዘ ይጻፍ። በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት ላኩ። አርብ ጠዋት ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ሰው ሳይት ላይ ይገኛል፤ ከጁምዓ በኋላ ግን ብዙው ሰው ተበትኗል።

የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አሠሪውና ንዑስ ተቋራጮች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አይሁኑ፤ ለአሠሪው የራሱን ግሩፕ ክፈቱለት። አዲስ አባል የድሮውን መልእክት ማየት መቻል አለመቻሉን በግሩፑ ሴቲንግ አረጋግጡ። የሳይት ፎቶ በፋይል መልክ ከተላከ የተነሳበትን ቦታና ሰዓት ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በተራ ፎቶ መልክ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ከጀርባ ያለውን ተመልከቱ። ቢሮ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ነጭ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የሳምንት ክፍያ ያሳያል። ስክሪንሾትም ከላይ የተከፈቱትን ፋይሎች ስም ይዞ ይወጣል፤ ቆርጣችሁ ላኩ።

ጉግል ሺትስ ለሚጠቀሙ፦ ሺት መደበቅ አይጠቅምም፤ ማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው የራሱን ቅጂ ሠርቶ የተደበቀውን ሊያወጣ ይችላል። ሁለተኛ ፋይል ሥሩ፣ ለተወሰነ ኢሜይል ብቻ አጋሩ፣ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን አጥፉ። ሁለቱን ፋይሎች ኢምፖርትሬንጅ በሚባለው፣ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላው መረጃ በሚስብ ቀመር፣ ማገናኘት ይቻላል፤ ሆኖም ፈቃዱ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ሁለተኛውን ፋይል ማስተካከል የሚችል ሰው ከዋናው ፋይል ሌላ ክፍልም መሳብ ይችላል። የውስጥ ስህተትም ሳይታረም ወዲያው አሠሪው ጋ ይደርሳል። ለትንሽ ድርጅት በየሁለት ሳምንቱ በእጅ መለጠፍ ይሻላል።

ውሉ ላይም አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ «አሠሪው የሚደርሱትን መርሐ ግብሮችና ተያያዥ ሰነዶች ለዚህ ሥራ ብቻ ይጠቀማል፤ ያለ ተቋራጩ የጽሑፍ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አያስተላልፍም፤ ለአማካሪው፣ ለባንኩና ሕግ ለሚያስገድደው አካል መስጠት ግን አይከለከልም።» ባንኩን መጥቀስ ይጠቅማል፤ በብድር የሚያሠራ ሰው መርሐ ግብሩን ለባንክ ማሳየቱ አይቀርም።

ሾልኮ ከወጣ

ፋይል በስህተት የተላከ እንደሆነ ውጤቱን በመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራው ሥራ ይወስናል። ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ለሁሉም አጥፉ፤ ጉግል ላይ ፈቃዱን አንሱ። ይሁንና ሰው አውርዶታል ብላችሁ ተነሱ። ለአሠሪው ደውሉ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፣ «በስህተት የውስጥ ሰነድ ደርሶዎታል፤ እባክዎ ያጥፉትና ማጥፋትዎን ይንገሩን» በሉ። የማን መረጃ እንደወጣ ለዚያ ሰው በዚያው ቀን ንገሩት፤ ንዑስ ተቋራጩ ዋጋው መታየቱን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእናንተ ይስማ። የዕቃ መግቢያ ቀን ወጥቶ ከሆነ ቀኑን ቀይሩ፣ ለጥበቃውም ንገሩ። ትክክለኛውን የአሠሪ መርሐ ግብር በአዲስ የክለሳ ቁጥር ወዲያው ላኩ፤ የተሳሳተውን ቁጥር ዳግም አትጠቀሙበት። ምን፣ ለማን፣ መቼ እንደተላከ የሚመዘገብበት ደብተር ካላችሁ የወጣው የትኛው ክለሳ እንደሆነ በደቂቃ ታውቃላችሁ። ደብተሩ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ የክለሳ ቁጥር፣ ተቀባይ፣ የፈተሸው ሰው ፊርማ።